ሦስት ድርጅት፣ አንዲት ጸሐፊ

በባንካችን ቅርንጫፍ ብድር ክፍል ያለችውን ሴትዮ ሁላችንም «እትዬ ቆይ እስቲ» ነው የምንላት። ተበዳሪ የቱንም ያህል ቢያጣድፋት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ትሰቅልና «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ሥራህን ልየው» ትላለች። እኔ የዚያው ቅርንጫፍ ዋና ካሸር ነኝ። ስንቴ አንጀቴን እንዳሳረረችኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

አንድ ዓመት ግን ባሰባት። ዋናው መሥሪያ ቤት የብድር ዕቅዱን ለሞላ ቅርንጫፍ፣ ለሠራተኛው ሁሉ የሁለት ወር ደሞዝ ቦነስ ይሰጣል ተባለ። እኛ ልንሞላ ትንሽ ነው የቀረን። የኔ ልጅ ደግሞ ነርስ ለመሆን አንድ ዓመት ነው የቀራት፤ ኮሌጁ «ክፍያ ካላመጣሽ አትመዘገቢም» ብሏታል። ቦነሱን ገና ሳላየው በሐሳቤ ከፍዬ ጨርሼዋለሁ።

በዚህ መሀል ሦስት ነጋዴዎች ተከታትለው ብድር ጠየቁ፤ አንዱ ሕንፃ ተቋራጭ፣ አንዱ ብሎኬት አምራች፣ አንዷ ቀለም አስመጪ። ሦስቱ ከጸደቁ ዕቅዱ ሞልቶ ይፈስሳል። እትዬ ግን ድርጅቶቹን በዓይኔ ካላየሁ ብላ ድርቅ አለች። ለጉብኝት የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋልና ሥራ አስኪያጃችን እኔን ጠርቶ «አብረሻት ሂጂ፤ ቶሎ ፈርማችሁ ተመለሱ» አለኝ። እየፈነጠዝኩ ሄድኩ።

ተቋራጩ ቢሮ ቀይ ሹራብ የለበሰች ጸሐፊ በፈገግታ ተቀበለችን። ከዚያ ብሎኬት ማምረቻው ስንደርስ በሩን የከፈተችልን ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ያችው። ሹራቧን አውልቃለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። መመሳሰል ነው ብዬ አለፍኩት። ቀለም አስመጪዋ ጋ ግን ጫማዋን በእጇ ይዛ በጓሮ በር ስትገባ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

እትዬ ወንበር ሳበችላት። «ቁጭ በይ እህቴ፤ ውሃ ጠጪ።»

ልጅቷ ጠጣችና «ሦስቱ ተቋራጩ፣ ወንድሙና ሚስቱ ናቸው» አለች። «ኪሱ አንድ ነው። እኔም ደሞዝ ካየሁ ቆይቻለሁ።»

ነገሩ ገባኝ። አንድ ሰው ሲወድቅ ባንኩን ይዞ እንዳይወድቅ፣ ባንኮችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ለአንድ ተበዳሪ ከዚህ በላይ አይሰጥም ብሎ ጣሪያ አስቀምጧል። ሰውየው ጣሪያውን ሊዘል በሦስት ስም መጥቷል።

መንገድ ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለመንኳት። «እትዬ፣ ምን አለበት? ወረቀቱ ላይ እንደሆነ ሦስት ሰው ነው። ልጄን አስቢልኝ እንጂ።»

አልተቆጣችም። «የልጅሽ ነገር እኔንም ያሳስበኛል» አለች። «ግን እኔ የማበድረው አንቺ በመስኮትሽ የተቀበልሽውን ነው። የጠፋ ለት ሰው የሚመጣው ወደኔ አይደለም፤ ወዳንቺ ነው።»

ደነገጥኩ። አንዲት አትክልት ሻጭ ደንበኛዬ ትዝ አለችኝ፤ ገንዘቧን ከጉያዋ አውጥታ ትሰጠኛለች፣ ደረሰኝ እንኳ አትጠብቅም። በሷ ገንዘብ ነበር ልጄን ላስተምር ያሰብኩት። አፈርኩ።

«አንድ ሰው ነው፣ አይበደርም» የሚለው ላይ ሁለታችንም ፈረምን። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አየና ወደኔ ዞረ።

«አንቺም? የልጅሽ ክፍያስ?»

«እሱን እኔው እወጣዋለሁ» አልኩት። እሱም ቦነስ እንደሌለ ለሠራተኛው ራሱ ወጥቶ ተናገረ። ለሳምንታት ሰላም የሚለን ጠፋ። እትዬ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች፤ እኔ ግን ለልጄ ክፍያ መላ ፍለጋ ያዝኩ።

ደግነቱ ብቻዬን አልተወችኝም። ኮሌጁ ድረስ አብራኝ ሄዳ ክፍያው በየወሩ እንዲሆንልኝ ለመነችልኝ። ያቺ ኮስታራ ሴትዮ ሰው ስትለምን ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ዓመቱ ከበደኝ፣ ግን አለፈ። ዋናው መሥሪያ ቤትም የኛን ሪፖርት ካየ በኋላ ቦነሱን በተሰጠው ብድር ሳይሆን በተመለሰው አደረገው፤ ያኔ ያኮረፉን ሁሉ ዛሬ እትዬን «ይሄን ሰው እስቲ እይልን» እያሉ ይለማመጧታል።

ልጄ በቅርቡ ሆስፒታል ተቀጠረች። የመጀመሪያ ደሞዟን ይዛ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተሰልፋ መስኮቴ ጋ ደረሰች።

«እማ፣ እዚህ ባስቀምጠው አይጠፋብኝም አይደል?» አለችኝ እየሳቀች።

«አይጠፋም» አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።