አቶ ማቴዎስ የቆሙበት ካርታ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ የሚማርበት አማን ከተማ ያለው ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ ነበር። እናቱ ሥራ ስለገባች እኔ ሄድኩ። አንዲት ወጣት መምህርት ከፊታችን ቆማ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ምን ምን እንደሚጠይቅ ታስረዳን ጀመር። ከሌላው ሁሉ ጋር ልጆቹ ስለ ቤተሰባቸው ጠይቀው የሚሠሩት የቤት ሥራ አለ፤ አያቶቻቸው ከየት እንደመጡ፣ ቤተሰቡ በምን እንደሚተዳደር፣ ምን እንደሚያመርት። ከኋላዬ የተቀመጠ፣ የባጃጅ ቁልፍ ጣቱ ላይ ያንጠለጠለ አባት እጁን አወጣ።

«ይሄ ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የት ነው የሚቀመጠው?» አለ።

ሰው ሳቀ። መምህርቷም ፈገግ አለችና «ሥርዓተ ትምህርቱ ስለሚያዝ ነው፣ ወንድሜ» ብላ አለፈችው። ሰውየው የጠየቀው ማን እንዳዘዘ አልነበረም። እኔ አልሳቅኩም። እጁን ሲያወርድ ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት በሌሎች ሰዎች ፊት ላይ አይቼዋለሁ፤ ያኔ የሚያዩት እኔን ነበር።

አባቴ ከጅማ አካባቢ መጥቶ ሚዛን ከተማ ገበያ ዳር ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔም ያደግኩት እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በጨው ጆንያና በሳሙና ካርቶን መሀል ነው። የመምህርነት ኮርስ ጨርሼ የተመደብኩት ወደ ሸዋ ቤንች ከሚወስደው መንገድ ተገንጥሎ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነበር። የመንደሩን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም እዚያው አሉ። መንገዱ ጭቃ ነው። ዝናቡ ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ዓይነት አይደለም፤ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ልብስ ካሰጡ በኋላ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርዳል። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለነበር ዝናብ ሲጀምር እኔ ዝም እላለሁ፣ ልጆቹም ከሰሌዳው ይገለብጣሉ።

መንግሥት ተለውጦ አዳዲስ የመማሪያ መጻሕፍት የመጡበት ጊዜ ነበር። ከእነሱ ውስጥ የአራተኛ ክፍሉን አካባቢ ሳይንስ ስገልጠው በጣም ነው የወደድኩት። እኔ በልጅነቴ በዓይኔ የማላያቸውን የሩቅ አገር ወንዞች በቃሌ እየወጣሁ ነው ያደግኩት። ከቤታችን ጀርባ ስለሚያልፈው ጅረት የጠየቀኝ አስተማሪ ግን አልነበረም። አዲሱ መጽሐፍ የሚጀምረው ከዚያ ጅረት ነው። የመምህሩ መምሪያ እንደሚለው እያንዳንዱ ልጅ የአካባቢውን ንድፍ ካርታ መሥራት አለበት፤ መንገዱን፣ ወንዙን፣ ጫካውን፣ የሚመረተውን ሁሉ። የተሠራው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሱፐርቫይዘርም መጥቶ ያየዋል። ግዴታ ነው።

ዓርብ ዕለት ልጆቹን አባቶቻችሁን ጠይቁ ብዬ ሰደድኳቸው። ቡናችሁ እስከ የት ነው? ከጫካው ወዲያ ማን አለ? ቀፎ የሚሰቀለው የት የት ነው?

ሰኞ ክፍሌ ግማሹ ባዶ ነበር። ማክሰኞ ደግሞ የቀሩት የርዕሰ መምህሩ ልጅና ሁለት ሦስት ሌሎች ብቻ ሆኑ። ጥቅምት ነው፣ ቡናው ቀልቶ የደረሰበት፣ የተሰጣው እሸት ሽታ መንደሩን የሞላበት ጊዜ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ወላጅ ስጠይቅ «ለቀማ ላይ ናቸው» ይለኛል። ሌላውም «ለቀማ ላይ ናቸው» ይላል፤ ቃሉም አነጋገሩም አንድ ነው። ሦስተኛ ክፍል ግን ሞልቷል። አምስተኛ ክፍልም ሞልቷል። ለቀማው የፈለገው የእኔን ልጆች ብቻ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ከሌላ አገር የመጣ፣ ቶሎ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ስነግረው በሩን ዘጋ።

«መመሪያ መመሪያ ነው» አለኝ። «ካርታው ከሌለ ትምህርቱ አልተሰጠም ማለት ነው። አንቺ ደግሞ ገና የሙከራ ጊዜ ላይ ነሽ፤ እንዳትረሺው።»

ከዚያ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ እስላም ስለሆንኩ ሥጋ እንደማልበላላቸው ስለሚያውቁ ጎደሬ ቀቅለው ከማር ጋር ያቀርቡልኛል፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ የገባበትን ትኩስ መጠጥ በቅል ይሰጡኛል። በፊት አብረውኝ ይበሉ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ሰሃኑን ከፊቴ አስቀምጠው ቆመው ያዩኛል። እርስ በርሳቸው በቤንችኛ ሲነጋገሩ አንድ የማውቀው ቃል እየተደጋገመ ይመጣል፤ ካርታ።

የክፍሉ ጎበዝ ማርታ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ አቶ ማቴዎስ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው የሚሰማቸው፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ። ቤታቸው ስደርስ ማርታ ደጅ የተሰጣውን ቡና ታገላብጣለች። አየችኝ፤ ሰላም ሳትለኝ ጎንበስ አለች። አቶ ማቴዎስ በርጩማ ሰጥተውኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«አስተማሪ፣ ልጄ ስለ ጫካው ለምን ትጠይቀኛለች?»

«ትምህርት ነው፣ አቶ ማቴዎስ። መጽሐፉ ያዛል።»

«መጽሐፉን ማን ላከው?»

«መንግሥት።»

«እንግዲህ» አሉ፣ ነገሩ በዚያ ያለቀ ያህል። ከዚያ ቀጠሉ። «በአባቴ ጊዜ ሰው ገመድ ይዞ መጣ። መሬት ልንለካ ነው አሉ። ከተለካ በኋላ የሌላ ሰው ሆነ። በእኔ ጊዜ ወረቀት ይዘው መጡ። ቤት ልንቆጥር ነው አሉ። ከተቆጠረ በኋላ ቤታችሁን አፍርሱ፣ መንደር ግቡ ተባልን። አሁን ከወንዙ ወዲያ የማናውቀው መኪና ይመላለሳል፤ ባለሀብት ቡና መሬት ይፈልጋል ይባላል። በዚሁ ጊዜ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ጫካችን እስከ የት ነው ትለኛለች።»

«እኔ ስለ መኪናው የማውቀው ነገር የለም።»

«ይሆናል። አታውቂም ይሆናል።» ወደ ማርታ ዞር ብለው አዩ። «ለሌላ ሰው ዋሽቼ እመልሰዋለሁ። ለእሷ እንዴት ልዋሽ?»

በጣም ነበር የከፋኝ። እንደ ሰላይ መታየት ይከፋል፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ሰው ሁሉ ልቤን እንዲያይልኝ የምፈልግ ነበርኩ። ጭቃውን እየረገጥኩ ስመለስ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ትምህርት ነው፣ ምን ክፋት አለው? ማታ ግን መምሪያውን አውጥቼ እንደገና ሳነበው ቃላቱ ሌላ መስለው ታዩኝ። «የሚመረተውን ሁሉ» ይላል። ለአራተኛ ክፍል ልጅ የሚመረተው ሁሉ ምን ያደርግለታል? ሱፐርቫይዘሩስ ለምን ራሱ መጥቶ ማየት አስፈለገው? ምናልባት ምንም የተደበቀ ነገር አልነበረም። ጥያቄው ግን ከገባብኝ በኋላ አልወጣልኝም።

በማግስቱ ተመልሼ አቶ ማቴዎስ ዘንድ ሄድኩ።

«ትምህርቱን ይጠሉታል?» አልኳቸው።

«ለምን እጠላለሁ? ልጄ አገሯን ብታውቅ ደስ ይለኛል። የምፈራው ወረቀቱን ነው። ወረቀት ተጠቅልሎ ይሄዳል።»

«ያለ ወረቀት ብንሠራውስ? መሬት ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ? እናንተም መጥታችሁ እያያችሁ።»

በቤንችኛ ከሚስታቸው ጋር ብዙ ተነጋገሩ። በኋላ «እኛ ቆመን ካየን» አሉ።

ዓርብ ልጆቹ ሁሉ መጡ። ግቢው መሀል ያለውን ሣር አጽድተው መንገዱን በአመድ አሰመሩ። ወንዙን በዱላ ጫሩ። ቤቶቹን በጎደሬ ቅጠል፣ ቤተ ክርስቲያኑን በትልቅ ድንጋይ፣ ቡናውን በቀይ እሸት አደረጉት። አባቶች መጀመሪያ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ዳር ዳር ቆሙ። ከዚያ አንዱ ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ ወዲህ ሳብ አደረገ። ሌላው ወዲያ መለሰው። ጅረቱ ከትልቁ ዋርካ በላይ ነው በታች በሚል ክርክር ተነሥቶ ሰው ሁሉ ሲሳሳቅ፣ ማርታ ከሁሉ በላይ ጮኻ «በታች ነው፣ እኔ ውሃ የምቀዳበት!» አለች። ያንን ቀን እንደ አስተማሪ ከኖርኩት ሁሉ እወደዋለሁ። የመጽሐፉ ትእዛዝ ያን ያህል የሚያምር ነገር ያወጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል የተባለው ሱፐርቫይዘር የደረሰው በዚያው ዕለት፣ ገና ካርታው ሳይነሣ ነው። በመኪና መጣ። አብሮት አንድ ሌላ ሰው ነበር፤ ንጹሕ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም ያልነገረን። ሱፐርቫይዘሩ ካርታውን ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ ነው። ወረቀት ላይ ያለው የታል?»

«የለም» አልኩ። «መምሪያው ካርታ ይሠራ ነው የሚለው። በምን ላይ እንደሚሠራ አይልም።»

ርዕሰ መምህሩ ከኋላው ሆኖ በዓይኑ ይማጸነኛል። ሱፐርቫይዘሩ ሊመልስልኝ ሲል ያ ሁለተኛው ሰው ከኪሱ ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ መገልበጥ ጀመረ። ስለ ልጆቹ ትምህርት አንድ ነገር አልጠየቀም። ማርታን ነው የጠየቃት።

«ይሄ ጅረት ማን ይባላል? ጫካው የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው?»

ማርታ አባቷን አየች። አቶ ማቴዎስ ግን እሷን አላዩም። ከቆሙበት ተነሥተው፣ የጎማ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ካርታው ውስጥ ገቡና ቀዩ እሸት ላይ ቆሙ።

«አባት፣ እያበላሹት ነው። ከዚያ ላይ ይውጡ» አለ ሰውየው።

«ቡናዬ ላይ ነው የቆምኩት» አሉ።

ከዚያ ሌላው አባት ገባ። ሌላውም። እያንዳንዱ ቦታውን ፈልጎ፣ ልጆቹ በሠሩለት ልክ፣ በየራሱ መሬት ላይ ቆመ። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገ። ቆሙ፣ በቃ። ከእግራቸው ሥር የሚታይ ካርታ አልነበረም። ሰውየው ትንሽ ጠብቆ ወረቀቱን አጠፈና ወደ መኪናው ሄደ። ሱፐርቫይዘሩ ግን እኔ ላይ አፈጠጠ።

«አንቺ ነሽ ያደራጀሻቸው?»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው ያስተማርኩት» አልኩት። እውነትም ነበር፤ እሱ ግን አላመነኝም።

በሥራ ምዘናዬ ላይ የተግባር ትምህርቱ አልተሟላም ተባለ። የሙከራ ጊዜዬ ተራዘመ፣ በዓመቱ ማለቂያም ወደ ቴፒ ተዛወርኩ። ዝውውሩ የተለመደ ነው፣ ከዚያ ጉዳይ ጋር አይገናኝም አሉኝ። ላመንም ላላመንም ማረጋገጫ አልነበረኝም። መንደሩን ከመልቀቄ በፊት የማርታ እናት ኮረሪማ ቋጥራልኝ ነበር። አቶ ማቴዎስም ቤታቸው ጠርተውኝ ጎደሬውን ከአንድ ሰሃን አብረን በላን።

ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ዝውውሬን ልፈጽም በሄድኩ ጊዜ ያንን ሱፐርቫይዘር አገኘሁትና አብሮት የመጣው ሰው ማን እንደነበረ ጠየቅኩት።

«የቱ ሰው?» አለኝ። «እኔ ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

ሲናገር ዓይኑን እንኳ አላሸሸም። ግቢ ሙሉ ሰው ያየውን ሰው።

ከዓመታት በኋላ በዚያ በኩል አለፍኩ። ከወንዙ ወዲያ ያለው ጫካ ተመንጥሮ፣ ታጥሮ፣ ቡናው በረድፍ ተተክሏል፤ በር ላይ ዘበኛ አለ። እዚያ የነበሩ ሰዎች ልጆቻቸው ካርታ ሠርተው አያውቁም፤ ትምህርት ቤትም አልነበራቸውም። ስለዚህ መሬት ለመውሰድ የልጅ ካርታ አያስፈልግም ማለት ነው። በዚህ ብጽናና ደስ ባለኝ። ግን ከወንዙ ወዲህ የአቶ ማቴዎስ ጫካ እንደቆመ ነው፤ እኔም ለምን እንደቀረ አላውቅም። ያ ሰው ማን እንደነበረም አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ ሁላችንም ባልነበረ ነገር የተጠራጠርን ይመስለኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በጣም ጥቂት የተጠራጠርን ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን አስተማርኩ፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲለዋወጥም አየሁ። አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ሌሎቹ መምህራን ልጁ ከዚህ ምን ይማራል ብለው ይገልጡታል። እኔም እንደዚያው እገልጠዋለሁ፤ ግን ከልጁስ ማን ምን ይማራል ብዬም አነበዋለሁ። ትምህርት ጠልቼ አይደለም። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልጠይቅ የመጀመሪያውን በሙሉ ልቤ ማስተማር ስለማልችል ነው።

ቅዳሜ ስብሰባው ሲበተን ወጣቷን መምህርት በረንዳው ላይ አገኘኋትና ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳት። ወላጆቹን ክፍል ውስጥ ጥሪያቸው፣ ልጆቻቸው የሠሩትን ይዩት፣ ከዚያ ይዘውት ወደ ቤታቸው ይመለሱ አልኳት። በጽሞና ሰማችኝ። ከዚያ መጻሕፍቷን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«እናቴ» አለች፣ በትሕትና፣ «ለመሆኑ እርስዎን የላከዎት ማን ነው?»

ማንም አልላከኝም፣ የልጅ ልጄ እዚህ ይማራል አልኳት። እንዳላመነችኝ ያስታውቅ ነበር። አልተቀየምኳትም። እንዲያውም ወደ ቤት ስመለስ፣ ባጃጁ ውስጥ፣ ልጁ ጥሩ አስተማሪ እጅ ገብቷል ብዬ አሰብኩ።