የትርንጎ ኒውተን

ልጅ እያለሁ፣ ኒውተን የሰው ስም መሆኑን ከመስማቴ በፊት የጎማ ስም መሆኑን አውቅ ነበር። መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር፣ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማረን ቲቸር ሃፍቶም ከውሃ ጎማ የተቆረጠ ጥቁር ቁራጭ ነበረው። የጉልበት መለኪያው ኒውተን ነው ብሎ ካስተማረን ቀን ጀምሮ ስሙን ለጎማው ሰጠው። የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ «ስንት ኒውተን ይበቃሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ትንሽ ከጠራ ይጨመርለታል፤ ብዙ ከጠራ «ጎበዝ» ተብሎ የጠራው ይሰጠዋል። ተራችን እስኪደርስ ድረስ ከልባችን እንስቅ ነበር።

ቲቸር ሃፍቶም ራሱ አይመታም። ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ በትክክል የሠራ ልጅ ነው የተሳሳቱትን የሚመታው። መቺው ከሳሳ ጎማው ወደ ቲቸር ይመለስና አመታቱን በራሱ በመቺው መዳፍ ላይ ያስተምረዋል። ስለዚህ ጓደኛ ጓደኛውን አይምርም ነበር። ይህን የምታነቡ እኩዮቼ አሁን መዳፋችሁን እያሻሻችሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔ ያን ዓመት ዘጠነኛን እየደገምኩ ነበር። ያስደገመኝ ፊዚክስ ነው። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ደረሰችብኝና አንድ ክፍል ገባን፤ ከዚህ የበለጠ ውርደት ያለ አይመስለኝም ነበር። አባታችን ከወልድያ መጥቶ መቀሌ የቀረ የመንግሥት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። የማይፈለግ ዕቃ ሲያይ አይወድም፤ ቤቱንም የሚያስተዳድረው እንደ መጋዘኑ ነበር። መስከረም ላይ እራት እየበላን ትርንጎን ቀና ብሎ አያት።

«አንቺን ዘንድሮ ያስመዘገብኩሽ እሱን እንድታስጠኚልኝ ነው። እሱ ካለፈ አንቺም ትቀጥያለሽ፤ ከወደቀ ያንቺም ትምህርት እዚያው ላይ ያበቃል። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።»

እናታችን ወጥ ጨመረችልን። ትርንጎ የጎረሰችውን ዋጥ አድርጋ «እሺ አባባ» አለች። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ነገ ስለምጫወተው ኳስ ነበር የማስበው።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ወለል ላይ በገመድ ስለሚጎተት ሳጥን ነው። ሳጥኑ በምን ያህል ፍጥነቱን እየጨመረ ይሄዳል ይላል። እኔ የሚጎትተውን ጉልበት ብቻ ይዤ አካፈልኩና ጨረስኩ። ወለሉ ሳጥኑን ወደ ኋላ እንደሚይዘው፣ ፍሪክሽን የሚባል ነገር መቀነስ እንዳለበት፣ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ትርንጎ ሰሌዳው ላይ ወጥታ ሳትደናቀፍ ሠራችው። ቲቸር ሃፍቶም ደስ ብሎት ጎማውን አቀበላትና ወደ እኔ ጠቆማት።

«ንዒ ትርንጎ፣ ኣጆኺ! ሓውኺ፣ ወንድምሽ እኮ ነው፤ በፍቅር ምቺው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሟን አትመታም፣ አሁን ጎማው ወደ ራሷ መዳፍ ሊዞር ነው ብለው ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ መዳፌን ዘርግቼ ፈገግ አልኩላት። ትርንጎ ጎማውን ከትከሻዋ በላይ አነሳችና አወረደችው። ደግማ አነሳችው። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። በመጨረሻ ቲቸር ሃፍቶም ራሱ «ይኣክል! ይኣክል!» ብሎ እጇን ያዘ። እሷ ጎማውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ የጣቶቿን ጠመኔ አራገፈች፣ ወደ ቦታዋ ሄደች። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም። ያን ጊዜ ጠላኋት፤ እውነቴን ነው።

ከትምህርት ቤት ስንመለስ ግቢያችን ውስጥ ውሃ የሞላ ጀሪካን አቆመች። እኔ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላው በኩል ሆነን እንገፋለን።

«እኩል ከገፋን ወዴት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

ድንገት ትለቀዋለች፤ እኔና ጀሪካኑ ተያይዘን በግንባራችን። «አሁንስ አወቅህ?» ትላለች። ጀሪካኑን በሲሚንቶው ላይ አስጎተተችኝ፣ በጠጠሩ መንገድ ላይ አስጎተተችኝ፤ ፍሪክሽንን በወገቤ ተማርኩት። የበለስ ወቅት እስኪያልፍ ድረስ መልስ ካገኘሁ የተላጠ በለስ ታጎርሰኛለች። ከተሳሳትኩ ግን ያልተላጠውን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን ትጨብጥብኛለች። ያ ዓይን የማያየው እሾህ በምላስ እየተፈለገ ሲወጣ ሰንብቷል። የበለስ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ሲደርስ አፌ ምራቅ ይሞላል፣ መዳፌ ደግሞ ይበላኛል።

ሰኔ ላይ አለፍኩ። ትርንጎ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። አባባ የኔን ካርድ ደጋግሞ አየና ግንባሬን ሳመኝ፤ የሷን አጥፎ ለእናታችን ሰጣት።

«እንግዲህ ልጁ በእግሩ ቆመ» አለ። «ወልድያ አክስትሽ ምግብ ቤቷን የሚያግዛት ሰው አጥታለች። ክረምቱን ሄደሽ አግዣት።»

እናታችን «ለክረምት ብቻ ነው» አለች። ትርንጎ ግን የአባቷን ዓይን አይታ ገብቷታል። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሳ በመስኮቱ ብቅ ብላ ሳቀችብኝ።

«ብትወድቅ ኖሮ እኮ አባባ ለከርሞም አስጠኚ ያስፈልገው ነበር» አለች። «ምነው ቀስ ብዬ በመታሁህ!»

መስከረም ጠባ፤ ትርንጎ አልተመለሰችም። አባባም ስለሷ ትምህርት ዳግመኛ አላነሳም።

ዛሬ ትምህርት ቤት ውስጥ ዱላ ክልክል ነው ይባላል፤ ደግ ነው። እኛ ተሰብስበን ስለ ልጅነታችን ስናወራ ግን ያን ጎማ እንደ ዘመድ እናነሳዋለን። ጎማው ቢያንስ የተናገረውን ያደርግ ነበር። ቃሉን የበላው አባባ ነው።

እኔ ኢንጂነር ሆኛለሁ። ባለፈው ለሥራ ወልድያ ስወርድ ትርንጎ ዘንድ አደርኩ፤ ምግብ ቤቱ አሁን የሷ ነው። ቁርስ ላይ ልጇ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ወለል፣ ሳጥን፣ ገመድ። «እማ፣ ይሄ አልመጣልኝም» አለቻት። ትርንጎ ሥዕሉን ቆማ አየችው። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠራረገችና መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋችው።

«አጎትሽን ጠይቂው» አለች። «ያለፈው እሱ ነው።»

ልጅቷ እርሳሷን ዘረጋችልኝ። መዳፌን ከፍቼ ተቀበልኳት።