ውሃ የጠጣ ባና

ያን ጠዋት አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ የጋሽ ወዳጆን አፍ ምን ያዘው? ራሳቸውን ስንት ጊዜ ጠይቀዋል።

በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ትንሽ ጀልባ እየነዱ፣ በባሕሩ ዳር መብራትና በኮከብ መንገድ መለየት ተምረዋል። ሠራዊቱ ሲበተን ጓሳ ተራራ ግርጌ ወዳለው ቀያቸው ተመለሱና ገብስና በግ ያዙ። መጀመሪያ ሰሞን ስለ ማዕበል ሲያወሩ ጎረቤት ይስቅባቸው ነበር።

“ወዳጆ፣ ጓሳ ላይ ጉም ሲወርድ መርከብህን አውጣና አሻግረን።”

ስማቸውም “መርከቤ” ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የባሕር ወሬ ከአፋቸው አይወጣም።

የጎረቤታቸው የአስካለ ማርያም ልጅ ኪዳነ ግን አንድ ቀን ራሱ መጣ። በጅቡቲ አድርጎ፣ በጀልባ ወደ የመን ሊሻገር ነው።

“ጋሼ፣ ጀልባ ላይ ምን እንደማደርግ ያስተምሩኝ።”

“ካስተማርኩህ የላክሁህ እኔ ነኝ። ቅር።”

“ልቤ ከሄደ ከረመ፤ የቀረው እግሬ ነው። አውቄ ብሄድ አይሻልም?”

አስተማሩት። የበጎቹን የውሃ መጠጫ ገንዳ አድርቀው መሃሉ ላይ አስቀመጡት።

“ዝቅ ብለህ ተቀመጥ። ማዕበል ሲመጣ ሰው ሁሉ ይነሳል፤ አንተ አትነሳ፣ ሌላውንም ያዝ። ከተገለበጠ ጀልባውን ሙጭጭ በል እንጂ ወደ ዳር አትዋኝ። የብሱ ቅርብ ይመስልሃል። ባሕር ዋሾ ነው።”

“በጎቹ ቢያዩን ምን ይሉን?”

“ከጎረቤት ይሻላሉ። አይስቁም።”

ስለ ልብስ ሳያነሱ መሸ። ነገ እነግረዋለሁ አሉ። የሚያሻግረው ደላላ ግን ሌሊቱን ደውሎ ኖሮ፣ ነገ የመሄጃው ቀን ሆነ።

ሊሸኙት አውቶቡሱ ጋ ሲደርሱ ኪዳነ አዲስ ባና ለብሷል። እናቱ ጾሙን ሙሉ የበግ ጠጉር ፈትላ ያሠራችለት ነው። መንገድ ላይ እንዳይወድቅበት ብላ ደረቱ ላይ በወፍራም ክር ሰፍታዋለች። ጋሽ ወዳጆ ስፌቱን አዩ። የምጽዋው አሠልጣኝ ጀልባ ከመውጣታቸው በፊት የሱፍ ልብስ ሁሉ ያስወልቃቸው ነበር። የበግ ጠጉር ውሃ ከጠጣ ድንጋይ ነው።

ሊነግሩት ተጠጉ። ነገር ግን በአገሩ ወግ መንገደኛ ፊት ክፉ አይነሳም። እናቱ እያየች “አውልቅ” ማለት “ትሰምጣለህ” ማለት ነው፤ ሟርት ነው።

“በሰላም ግባ” አሉት።

በኋላ ቢደውሉለት ስልኩ አይነሳም። ደላላው ስልኩን ወስዶበት ኖሯል።

የኪዳነ መርዶ ተነግሮ፣ ለቅሶው ላይ ትዕዛዙ የሚባል የራቤል ከተማ ልጅ መጣ። አብሮት የተሳፈረ ነው። ጋሽ ወዳጆን ከድንኳኑ ውጭ ለብቻቸው ወሰዳቸው።

“ጀልባዋ ስትገለበጥ ዳሩ ይታየን ነበር። ‘አትዋኙ፣ ጀልባዋን ያዙ’ እያለ የሰበሰበን ኪዳነ ነው። እሱን የሰማን ሁሉ ተረፍን።”

“እሱስ?”

“በነፋሱ ሲበርደው ባናውን እንደተሰፋ በአንገቱ አጥልቆ ነበር። ውሃ ውስጥ ስፌቱ አልፈታ አለው። እኔም ይዤው ነበር ጋሼ፤ ከበደኝ።”

ተመልሰው ሲገቡ አስካለ ማርያም ቀና አለች።

“ወዳጆ፣ አንተ ባሕሩን ታውቀዋለህ። ልጄን በርዶት ይሆን?”

“አልበረደውም አስካለ። ባናሽን ለብሶ ነበር።”

“ተመስገን” አለች።

ሲመሽ ጋሽ ወዳጆ የራሳቸውን ባና ይዘው ወንዝ ወረዱ። ነከሩት። በሁለት እጃቸው ሊያነሱት ቢሞክሩ እንቢ አላቸው። እየጎተቱ አምጥተው አጥር ላይ አሰጡትና ሌላ ሳይደርቡ መደባቸው ላይ ጋደም አሉ። ውጭ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ሲል አዳመጡት። ወደ ንጋቱ ውርጭ ወረደ፤ ባናው አጥሩ ላይ እንዳለ በረዶ ሠርቶ ደረቀና ጠብታው ቆመ። ያኔ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው።