የቲቸር ዳልጮ ላፕቶፕ ኔትወርክ ያገኘበት ቀን

ቲቸር ዳልጮ ዕድሜያቸውን በወላይታ ትምህርት ቤቶች ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ካርታውን በጠመኔ አሳምረው ሰሌዳ ላይ ይስላሉ፤ ደወል ሲደወል ቀጣዩ መምህር ገብቶ ያጠፋዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን የማይጠፋ ካርታ እንዳለ ሰሙ። ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው የአገሩን መንገድና ወንዝ ይጨምርበታል። በስልካቸው ከፍተው ከበዴሳ አለፍ ብሎ ያለውን የትውልድ መንደራቸውን ፈለጉ። ቦታው ባዶ ነበር። መንገድ የለ፣ ወንዝ የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ።

“እኛ የለንም እንዴ?” አሉ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ንግሥቲ።

በስልክ ጠባብ መስታወት ካርታ መሥራት ዓይን ያደክማል። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጃቸው ህብረት ትታው የሄደችው አሮጌ ላፕቶፕ አለ፤ እስኪነሳ ቁርስ ተበልቶ ያልቃል። ድሮ ያስተማሩት መልካሙ አሁን የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ላፕቶፑን አይቶ፣ “ቲቸር፣ ይሄ ማሽን ገና ይሠራል። ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ይጫኑበት፣ ይቀለዋል” ብሎ ፍላሽ ሰጣቸውና ለሥልጠና ወደ አርባ ምንጭ ሄደ።

ቲቸር ዳልጮ መመሪያውን እያነበቡ ራሳቸው ጫኑት። ላፕቶፑ እንደ አዲስ ፈጥኖ ሲነሳ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ችግሩ፣ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ሳሎን ያለው ራውተር ብልጭ ድርግም እያለ ነው፣ ስልኮቹ ይሠራሉ፣ ላፕቶፑ ግን ምንም አይታየውም። መልካሙ ጋ ደወሉ።

“የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር የለውም ማለት ነው፣ ቲቸር።”

“ሹፌር ነው የምትለኝ?”

መልካሙ ሳቀ። “ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ከኢንተርኔት ያወርዱታል።”

“ኢንተርኔት እኮ ነው ያጣሁት!”

“ስልክዎን በኬብል ላፕቶፑ ላይ ይሰኩና ኢንተርኔቱን እንዲያካፍል ያድርጉት። ከዚያ የካርዱን ዓይነት እንዲያሳይዎ ትእዛዝ ይጻፉለት፤ ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ።”

ስልኩን ሰኩት፤ ያዘ። ትእዛዙን በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉ። ላፕቶፑ አላውቀውም አለ። ደገሙት፤ አሁንም አላውቀውም አለ።

ወይዘሮ ንግሥቲ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ። ከመቀሌ ተመድበው አሁን ወደሚኖሩባት ሶዶ የመጡት በታይፒስትነት ነበር፤ ቲቸር ዳልጮን ያገቡትም እዚሁ ነው።

“ዳልጮ፣ ኤል ብለህ የጻፍከው እኮ የአንድ ቁጥር ነው።”

“ሁለቱ ምን ለያቸው?”

“በታይፕራይተር ጊዜ እኛም በአንድ ቁልፍ ነበር የምንመታቸው። እዚህ ግን ይለያያሉ መሰለኝ። እስቲ ተነሥ!”

ንግሥቲ ተቀምጠው ጣታቸውን ሲያሳርፉበት መስታወቱ በጽሑፍ ሞላ። ከመሃል የዋይፋይ ካርዱ ከነስሙ ወጣ። “አለ! ካርዱ አለ!” አሉ ቲቸር ዳልጮ ጭናቸውን እየመቱ። ድራይቨሮችን የሚያሳየውን መስኮት ከፍተው ለካርዱ የሚስማማውን እንዲጭን አዘዙት። ላፕቶፑ አዲስ የይለፍ ቃል ፍጠሩ አላቸው፤ ፈጠሩ። ጭኖ ሲጨርስ አጥፍተው አስነሡት።

ሲነሳ ያልጠበቁት ሰማያዊ ገጽ መጣ። ቲቸር ዳልጮ ደነገጡና “ቀጥል” የሚለውን ተጫኑ። ዋይፋይ የለም።

“አበላሸሁት መሰለኝ” አሉ።

“ተማሪዎችህን ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ አይደል የምትላቸው? አንተ አላነበብክም” አሉ ንግሥቲ።

እውነታቸውን ነበር። ድራይቨሩን አውጥተው እንደገና ጫኑት። ሰማያዊው ገጽ ተመልሶ ሲመጣ በዝግታ አነበቡት። ላፕቶፑ አዲሱን ድራይቨር ማመን አለማመናቸውን እየጠየቃቸው ኖሯል። እንደሚያምኑት መረጡ፤ የፈጠሩትን የይለፍ ቃል ንግሥቲ መቱ።

ላፕቶፑ ተነሳ። ጥግ ላይ የዋይፋይ ምልክት ነበር። ሲጫኑት የሰፈሩ ኔትወርክ ሁሉ ተራ በተራ ወረደ፤ ከመካከሉ የእነሱም።

“ንግሥቲ! አየን! ሁሉንም አየን!” ብለው ሲጮኹ፣ ኦቶና ሆስፒታል የምትሠራው ጎረቤታቸው ነርስ መሲ ሰው የታመመ መስሏት እየሮጠች ገባች።

“ማነው የታመመው?”

“ማንም አልታመመም! ዋይፋይ ነው!” አሉና እጇን ይዘው አዞሯት። መሲ ምኑም ሳይገባት አብራ ሳቀች።

ወዲያው ካርታውን ከፈቱ። በሰፊው መስታወት ላይ ከሳተላይት የተነሳው መንደር፣ የእንሰቱ ጓሮና ቀይ መንገዱ ሳይቀር ይታያል። መንገዱን አሰመሩ። ወንዙ ላይ ሲደርሱ ግን ስሙ አጠራጠራቸው፤ መንደሩ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ጦና ጋ ደወሉ።

“ወንዙን ካርታ ላይ እየጻፍኩት ነው። ስሙን በደንብ ንገረኝ።”

“ማን ያየዋል?”

“ዓለም ሁሉ!”

ጦና በወላይትኛ ጎረቤት ሲጣራ ተሰማ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ በሰው ድምፅ ተሞላ። አንዱ ምንጩን ጻፉ ይላል፣ አንዷ የገበያውን ዛፍ፣ ሌላው አቋራጩን እንዳትረሱ እያለ ይጮኻል። ቲቸር ዳልጮ ስልኩን ከፍ አድርገው ያዙ፤ ንግሥቲ የሰሙትን ስም ሁሉ እየተከተሉ ይመታሉ።

“ቀስ በሉ እናንተ ሰዎች፣ ተራ በተራ!” አሉ ንግሥቲ።