ጭብጨባ የሌለበት መድረክ

ሂሻም መድረክ ከመራ የደሴና የኮምቦልቻ ሕዝብ መዳፉ ይላጣል። ሠርግ ይሁን ምረቃ፣ እሱ ማይክ ከጨበጠ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። ሰው ሁሉ «ተሰጥዖ ነው» ይላል። ፍርሃት መሆኑን የሚያውቁት አላህና ሚስቱ ሱሀይላ ብቻ ናቸው።

የሚያስፈራው የውጭ አገር ስም ነው። እሱን ከሚጠራ ጅብ ቢጋልብ ይመርጣል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ፤ ጭብጨባውን ከስሙ ያስቀድማል። «በሞቀ ጭብጨባ!» ይልና፣ ጣሪያው ሊነሳ ሲደርስ ከጩኸቱ ሥር አፉን እንደ ዓሣ ከፈት ዘጋ ያደርጋል። ቻይናውም ቱርኩም «ስሜ ተጠራ» ብሎ እጁን እያውለበለበ ይወጣል።

አንድ ቀን ወይዘሮ ፋሲካ የሚባሉ ሴት ከኮምቦልቻ ደወሉ። በቢስቲማ ገጠር የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የኖረው ፖላንዳዊ ባላቸው አርፏል፤ የመታሰቢያውን መድረክ ምራልኝ አሉት። ሂሻም «እሺ» ብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው ነገሩ የገባው። ለሙት አይጨበጨብም!

«ሱሀይላ፣ አለቀልኝ! የሰውዬው ስም ግዤጎሽ ቫቭዢኒያክ ነው።»

«ያ አላህ! ስም ነው ወይስ ዘይት ላይ የወደቀ ሽንኩርት?»

«አታሹፊ። ስሙን ካበላሸሁት ሚስቱ ፊት ሁለተኛ ገደልኩት ማለት ነው።»

በቀኑ ሚኒባሱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ ሲወርድ «ግዤ... ግዤጎ... ቫቭዢ...» እያለ ተለማመደ። አጠገቡ የተቀመጡ እናት የገረጣ ፊቱን አይተው ረዳቱን ተጣሩ፦ «ኧረ ፌስታል አቀብለው፣ ሊያስመልሰው ነው!»

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከቢስቲማ የመጡ ገበሬዎች ከኋላ ተደርድረዋል። የሚያስነጥስ እንኳ የለም። ሂሻም የልቡ ድምፅ በድምፅ ማጉያው እንዳይወጣ ማይኩን ከደረቱ አራቀ። ከዚያ አላስችል ሲለው ከመድረኩ ወርዶ ወይዘሮ ፋሲካ ፊት ጎንበስ አለ።

«ይቅር ይበሉኝ። የባለቤትዎን ስም ፈርቼዋለሁ። ሌላ ሰው ይጥራው።»

ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እሱ እኮ እዚህ ኖሮ ኖሮ ጦሳን ‹ቶሳ› እንዳለ ነው የሞተው። ተራራው አኮረፈው? ሂድ፣ እንደሆነልህ ጥራው። ብቻ ቀስ ብለህ፣ ይሰማ።»

ተመለሰ። ቢስሚላህ አለ በሆዱ። ስሙን እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጠ ጠራው፤ ግማሹን ዋጠ፣ ከራሱም ትንሽ ጨመረበት። ማንም አልሳቀም። ከኋላ ያሉት ገበሬዎች ስሙን እንደየምላሳቸው እየሰባበሩ ቀስ ብለው ደገሙት። ወይዘሮ ፋሲካ በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ሂሻም የጠራው የውጭ አገር ስም ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ፊቱ ግን በመልሱ ሐረጎን ሲወጣም እንደገረጣ ነበር፤ እኚያው እናት ቢያገኙት አሁንም ፌስታል ያስመጡለት ነበር።