ባንኩ እቁብ የገባ ጊዜ

የቤት አከራዬ ኤውስቶልያ (ሰው ሁሉ በአክብሮት «ዶኛ» ይላቸዋል) በአትሊክስኮ ከተማ ገበያ ደረቅ ቃሪያ ይሸጣሉ። ገበያተኛው የሚያውቃቸው ግን በሚሰበስቡት እቁብ ነው። እሳቸውን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት አምስት መቶ ፔሶ ይጥላሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የማንም እቁብ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

አምና አልባሴራ የሚባል የስፔን ባንክ አደባባዩ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ። ከማዶ ሌላ የውጭ ባንክ ቀድሞት ገብቶ ለደመወዝተኛው ሁሉ ካርድ አድሎ ጨርሷል። ለአልባሴራ የቀረለት ገበያተኛው ነበር፤ ገበያተኛው ደግሞ የሚያምነው ዶኛ ኤውስቶልያን ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ጎርካ፣ ያሬትሲ የምትባል የሰፈራችንን ልጅ ቀጥሮ ላከባቸው።

«ዶኛ፣ የእቁቡን ገንዘብ እኛ ጋ ቢያስቀምጡትስ?»

«ከማላውቀው ሰው ጋ አላስቀምጥም። መጀመሪያ ባንክሽ እቁብ ይግባና እንተዋወቅ።»

ያሬትሲ ሳቀች። ጎርካ ግን ስትነግረው አልሳቀም። ከማዶ ያሉት ያላሰቡት መላ ሆኖ ታየው። ከማስታወቂያ በጀቱ በየሳምንቱ አምስት መቶ ያስጥል ጀመር። ደብተሩ ላይ ከሴቶቹ ስም በታች «ባንኩ» ተብሎ ተጻፈ። ዕጣ ሲወጣ ሦስተኛው ሳምንት ደረሰው።

ባለ ዕጣው በሳምንቱ አይጥልምና ዶኛ ኤውስቶልያ የአሥራ ሁለቱን ሴቶች ስድስት ሺህ ፔሶ በጥልፍ ጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱለት። ጎርካ ምን ብሎ እንደሚመዘግበው ጨነቀው። ገቢ እንዳይለው ገቢ አይደለም። በመጨረሻ አሥራ ሁለቱንም ሴቶች አስፈርሞ ሒሳብ ከፈተላቸውና አምስት አምስት መቶውን መልሶ በየስማቸው አስገባው። ስጦታ የሰጠ፣ ጉዳዩም ያለቀ መስሎት ነበር። በቀጣዩ ሳምንት መጣሉን አቆመ።

«በልቶ ጠፋ!» አለች አበባ ሻጯ ሮሄልያ፣ አበልጃቸው። «ያውም ክራባት አስሮ! አንቺ፣ ዋሱ ማን ነበር?»

«አልጠፋም፤ መለሰልን እኮ።»

«የመለሰ ሰው ታዲያ ለምን አይጥልም?»

እሑድ ዶኛ ደብተሩን ይዘው እኔ ክፍል መጡ።

«አንተ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰሃል። እስቲ ንገረኝ፣ ማን ማንን በላ?»

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ከሴቶቹ የጎደለባት የለችም። እንዲያውም መጀመሪያ ሁለት ሳምንት የጣለው አንድ ሺህ ፔሶ የጎደለበት ባንኩ ነው።

«ታዲያ ሌባ ቤቴ የገባ ለምን ይመስለኛል?»

እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ግን ምን እንደተሰረቀ ልነግራቸው አልቻልኩም።

በእቁባቸው ደንብ አንድ ሰው ሲጠፋ ሰብሳቢዋ ትሞላለች። ዶኛም አሥር ሳምንት ሙሉ የባንኩን አምስት መቶ ከኪሳቸው ጣሉ። የቃሪያው ጆንያ እየሳሳ ሄደ።

«ኧረ ዶኛ፣ አይክፈሉ!» አለች ያሬትሲ። «ሒሳቡ ይገጥማል!»

«ይግጠም። ሮሄልያ ግን ገንዘቧን የምትጠብቀው ከእኔ እጅ ነው።»

ጎርካ በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ሒሳብ ስለከፈተ የምስጋና ወረቀት መጣለትና ወደ ትልቅ ከተማ ተዛወረ። ይህን የሰማው የማዶው ባንክ ደግሞ የጫማ ጠጋኞቹን እቁብ ካልገባሁ ብሎ ይለማመጥ ጀመር።

አዲሱ ዙር የሚጀመርበት ቅዳሜ ደረሰ። ሴቶቹ አሁን ሁሉም ካርድ አላቸው። ዶኛ ደብተሩን ገልጠው ቃሪያቸው መሃል ተቀመጡ። እስከ እኩለ ቀን ማንም አልመጣም። ቃሪያ እየለቀሙ፣ የለቀሙትን መልሰው ያደባልቁት ነበር።

«ምን ያስተክዝሻል?» ሮሄልያ አምስት መቶውን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች። «አበባ ስሸጥ ነው የዘገየሁት። ለጠፋ ሰው የከፈለችውን ሴት ትቼ ባንክ ማሽን ጋ ልሰለፍ?»

ሌሎቹም ተከታትለው መጡ፤ አሥራ ሁለት ሞሉ። በመጨረሻ ያሬትሲ የባንኩን ሰደርያ እንደለበሰች መጥታ አምስት መቶ ዘረጋች።

«ለባንኩ ነው ወይስ ለራስሽ?»

ያሬትሲ ወደ ቅርንጫፉ፣ ከዚያ ወደ ሰደርያዋ ተመለከተች።

«ከደመወዜ ነው። ግቢ ያሉኝም እነሱ ናቸው። እንጃ፣ ዶኛ።»

ዶኛ ኤውስቶልያ ገንዘቡን ተቀብለው «ያሬትሲ» ብለው ጻፉ። ዕጣ ሳያወጡ የሰጧት የመጨረሻውን ሳምንት ነው፤ የመጨረሻ ባለ ዕጣ በልቶ አይጠፋም።