የሁለት አልጋ ሽምግልና

ጥቃቅኑን አዛብቼ ይሆናል፤ ዋናው ነገር ግን እንዲህ ነበር።

ጎረቤቴ ተመስገን ሚዛን ተፈሪ ከተማ ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግን የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። ሰው ዓይን ውስጥ አያይም፣ ጫጫታ ያመዋል፣ መዋሸት ደግሞ ጨርሶ አይችልም። አጠገባችን አማን ከተማ የምታስተምር ልጅ ወደደና ሽማግሌ አድርጎ ላከኝ።

"ጋሼ፣ ሁለት አልጋ እንደምንገዛ ለአባቷ ይንገሩልኝ። በጣም እንዋደዳለን፤ አብሮ የመተኛት ፍላጎት ግን ሁለታችንም የለንም። ደብቄ አላገባትም" አለኝ።

ከሁለት ሽማግሎች ጋር አባትየው ፊት ቆሜ ሙያውን፣ ጠባዩን ዘረዘርኩ። አልጋውን ፈርቼ ዘለልኩት። ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ አትታይም፤ ይህቺ ግን ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ጋሼ፣ ዋናውን ረሱት እኮ!" አለችኝ።

መሬት መሬቱን እያየሁ የአልጋውን ነገር ተናገርኩ። አባትየው፣ "ይህን እንኳ ሳይደብቅ ላከብኝ?" ብለው ወንበር አሳዩን። ሽማግሌ ተቀመጥ ከተባለ ልጅቷን ሰጡ ማለት ነው።

ነገሩ ዳግም የተነሳው ከሠርጉ አንድ ዓመት በኋላ፣ አማን ባጃጅ ስጠብቅ ነው። አባትየው እጄን ያዝ አድርገው፣ "ስሙኝማ፣ ያ ልጅ ወንድም የለውም? ታናሽየዋም ደርሳለች" አሉኝ።